የአባታችን ያልታጠበ ፊልም

 

አባታችን (አላህ ይዘንላቸው) ወደ አኺራ ከሄዱ በኋላ ሣጥናቸውን ስንከፍት ያሺካ ካሜራቸውን አገኘን። ውስጡ ባለ 36 የከለር ፊልም አለ፤ ተነስቶ አልቋል፣ ግን አልታጠበም። የጠየቅናቸው ፎቶ ቤቶች ሁሉ «ፊልም ማጠብ ካቆምን ቆየን» አሉን።

በቡና ፊልም ማጠብ ይቻላል ሲባል ስናነብ ቀልድ መስሎን ነበር። እውነት ነው። በፈረንጆቹ 1995 አሜሪካ፣ ሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሞክሮት ተሳክቶለታል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይክ አሲድ ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር ይለውጠዋል። ለ1 ሊትር ውሃ 40 ግራም ኔስካፌ፣ 54 ግራም የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ፤ 20 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ። የከለር ፊልም በዚህ ሲታጠብ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። እኛ ደግሞ ቀለም አላማረንም።

እናታችን ግን «መጀመሪያ በሌላ ሞክሩ፤ ይሄን ካበላሻችሁ ሌላ ከየት ይመጣል?» አሉ። እህታችን ከዱባይ ሁለት አዲስ ፊልም ላከችልን። ኢሻ ሰግደን ተመለስን፣ መብራት አጠፋን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን ፊልሙን በእጃችን እየዳበስን ማጠቢያው ዕቃ ውስጥ ከተትነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ኢብኑል ሀይሠም ትዝ አለን፤ ብርሃን በቀዳዳ አልፎ ጨለማ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሆን ያጠናው የበስራው ሊቅ። (ካሜራ የሚለው ቃል ከዐረብኛ ነው የመጣው እያላችሁ የምትለጥፉ ወንድሞች፣ ቃሉ የላቲን ነው። ሊቁን የሠራው ሥራ ይበቃዋል።)

ሽታው የጀበና ቡና የመሰለው ካለ ተሳስቷል፤ ቤቱ እስከ ሱብሒ አልለቀቀውም። ፊልሙም ባዶ ወጣ። ጥፋቱ የእኛው ነው፤ የልብስ ሶዳ አጥተን የኬኩን ቤኪንግ ሶዳ እንዳለ ጨምረንበታል። እሱ ብቻውን ደካማ ነው። ምጣድ ላይ በደንብ ሲቃጠል ግን ውሃና ጋዝ ይወጣለትና ወደ ጠንካራው ሶዳ ይለወጣል። ሁለተኛው ፊልም በዚህ ተሳካ። ቡናው ምስሉን ያወጣል እንጂ አያጸናውም፤ ማጽኛውን ሃይፖ ሥራ ካቆሙ አንድ አዛውንት ፎቶ አንሺ አገኘን። ገንዘብ አልተቀበሉንም፣ ጀዛቸውን አላህ ይክፈላቸው።

ከዚያ የአባታችን ተራ ሆነ። ቢስሚላህ ብለን ጀመርን፤ እነዚያን 15 ደቂቃዎች ማንም አላወራም።

ከ36ቱ አራት ብቻ ወጡ፤ ሌላውን ዕድሜ በልቶታል። ፊልሙን መስኮት ላይ ይዘን በስልክ አነሳነውና ጥቁሩን ወደ ነጭ ገለበጥነው። አንደኛው የዒድ ቀን ነው። እናታችን በራፍ ላይ ትንሹን ወንድማችንን ታቅፈው ቆመዋል፤ ጥግ ላይ ደግሞ ትልቅ ብዥ ያለ ነገር አለ። ፊልሙ የተበላሸ መስሎን ቆርጠን ልናወጣው ነበር።

እናታችን ስልኩን ተቀብለው ጠጋ አድርገው አዩት። «አውራ ጣቱ እኮ ነው» አሉ። «ጣትህን አንሳ እያልኩት መች ሰምቶኝ ያውቃል!»

ስልኩን እስከ መግሪብ አልመለሱልንም።