ሳንታ ሞኒካ ውኃዋን ያጣችበት ሰፈር

ሎስ አንጀለስ የመኪና ከተማ ናት። እግረኛ የሚታየው አውቶቡስ ሲጠብቅ ብቻ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከፌርፋክስ ጎዳና፣ ማለት እ.አ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ከተሰየመው የወገኖቻችን ሰፈር ተነሥቶ በፒኮ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው በሰማያዊው የሳንታ ሞኒካ አውቶቡስ ይሳፈራል። አንባቢ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የምወስደው መስሎት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስለ አሸዋውና ስለ ዋናተኞቹ የጻፉ ሞልተዋል። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ስለ ሆንሁ ሶቴል ከሚባለው መንገድ ላይ ወርጄ በእግሬ ወደ ደቡብ አቀናሁ።

ቻርኖክ የሚባለው የውኃ ጉድጓድ ቦታ ንብረትነቱ የሳንታ ሞኒካ ይሁን እንጂ የሚገኘው በሎስ አንጀለስ ክልል ውስጥ ነው። ዙሪያውን ዝቅ ዝቅ ያሉ መኖሪያ ቤቶችና የታጨደ ሣር ይታያሉ፤ ከቅርብ ርቀት የአውራ ጎዳናው ጩኸት ይሰማል። ጎብኚ የሚመጣበት ስፍራ አይደለም።

በኦገስት 1995 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከእነዚህ ጉድጓዶች በተቀዳው ውኃ ውስጥ ኤም ቲ ቢ ኢ የሚባል ኬሚካል ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት መጠኑ በአንድ ሊትር 610 ማይክሮግራም ደረሰ። አምስቱም የቻርኖክ ጉድጓዶች ተዘጉ፤ አርኬድያ የሚባለው ሌላው የጉድጓድ ቦታ በዚያው በ1996 ተከተለ። ከተማዪቱ የውኃዋን እኩሌታ ያህል አጥታ ከኮሎራዶ ወንዝና ከሰሜን ካሊፎርኒያ የሚመጣውን ውኃ በገንዘብ መግዛት ግድ ሆነባት።

ኬሚካሉ በሥውር የገባ አይምሰላችሁ። እርሳስ ከቤንዚን እንዲወጣ ሲደረግ ከ1979 ጀምሮ በምትኩ ተጨመረ፤ ኋላም የመኪናውን ጭስ ያጠራል ተብሎ በካሊፎርኒያ ከቤንዚኑ አንድ አሥረኛ ያህል ሆነ። ተማሪዎች እስቲ እርሳስ አንሡ፤ የሚጽፈውን እርሳስ ማለቴ ነው። እንዲህ ባለ ቤንዚን አንድ ሊትር ውስጥ 80 ግራም ያህል ኤም ቲ ቢ ኢ ይገኛል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1997 እንደ መከረው፣ ጣዕሙና ሽታው ሰውን እንዳያስቸግር መጠኑ በሊትር ከ20 እስከ 40 ማይክሮግራም ማለፍ የለበትም። 80 ግራሙን ለ20 ማይክሮግራም አካፍሉ፤ 4 ሚሊዮን ሊትር ይመጣል። አንድ ሊትር ቤንዚን ይህን ሁሉ ውኃ ሊያሸት ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ ከመሬት በታች የተቀበረ ታንክ ሲያፈስ እንዴት አይታወቅም? በፌርፋክስ ቡና ስጠጣ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት በሰማንያዎቹ ዓመታት በአንድ ማደያ የሌሊት ሠራተኛ ነበሩ።

«በየጠዋቱ ረጅም የእንጨት መለኪያ ወደ ታንኩ እሰድ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «እስከ የት እንደ ረጠበ አይና ከሽያጩ ሒሳብ ጋር አመሳክራለሁ። ጎደለ ስለው አለቃዬ ‹ተንኖ ነው› ይለኛል።»

«እርስዎስ ምን ይሉ ነበር፣ ጋሼ?»

«ምን እላለሁ? ‹ተንኖ ነው› ብዬ እጽፋለሁ።»

በመሥሪያ ቤት ያለ ሰው ይህን አነጋገር ሳያውቀው አይቀርም። ነገሩ ግን ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። 20,000 ሊትር ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ብቻ 190 ሊትር ያህል ይሸማቀቃል። ከዛገ የብረት ታንክ በጠብታ የሚወጣው እንዲህ ባለው የመለኪያ መዛባት ውስጥ ተደብቆ ለዓመታት ይኖራል። የአሜሪካ ሕግ አሮጌ ታንኮች እንዲታደሱ ወይም እንዲዘጉ የመጨረሻ ቀን የቈረጠላቸው ለዲሴምበር 1998 ነበር።

ማደያው ከፈረሰ በኋላ የሚደረገው ምርመራ እጅግ ማረከኝ። የሚጀመረው ከመዝገብ ቤት ነው። አሮጌ ካርታ፣ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ፈቃድ፣ የድሮ የንግድ ቤቶች ዝርዝር ሁሉ ይገላበጣል፤ ታንኩ የት እንደ ተቀበረ፣ ስንት እንደ ነበረ የሚናገረው ወረቀቱ ነው። ከዚያ በኋላ መሰርሰሪያው ይመጣል፤ አፈሩ በየጥልቀቱ እየተወሰደ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

በተዘጋ ማደያ ጥግ ስታልፉ የእግረኛው መንገድ ላይ ሳህን የሚያህል ክብ የብረት ክዳን ብታዩ፣ ከሥሩ ቀጭን የመመርመሪያ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል። ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋሉ፤ በአንድ መሥመር ላይ መዋል ግን የለባቸውም። በሦስቱ ውስጥ ውኃው የቆመበት ከፍታ ሲለካ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደየት እንደሚያዘነብል ይታወቃል። ጂኦሜትሪ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ተማሪ ከእንግዲህ መልስ አላጣም።

ቤንዚን ከውኃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ የሟሟው ክፍል ግን ከውኃው ጋር ይጓዛል። ለደም ካንሰር የሚዳርገው ቤንዚን የሚባለው ኬሚካል (ከነዳጁ ጋር በስም ይመሳሰላልና አታምታቱት) አፈር ይይዘዋል፣ ባክቴሪያም ይበላዋል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ይቀራል። ኤም ቲ ቢ ኢ አፈርም እምብዛም አይዘው፣ ባክቴሪያም ቶሎ አይደፍረው፤ ከውኃው እኩል ይገሠግሣል። በቻርኖክ ዙሪያ በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ተጠርጣሪ ቦታዎች ነበሩ። ሁሉም «የጎረቤቴ ነው» ቢል አያስገርምም፤ ጉድጓዶቹ ውኃ በሳቡ ቁጥር የሁሉንም ይስቡ ነበርና።

ከተማዪቱ በነዳጅ ኩባንያዎች ላይ ክስ መሥርታ በ2003 ከትልልቆቹ ጋር በስምምነት ጨረሰች። ካሊፎርኒያ ከ2004 መጀመሪያ አንሥቶ ኬሚካሉን ከቤንዚን አስወጣች። የቻርኖክ ውኃ ወደ ቧንቧ የተመለሰው ግን ከተዘጋ ከአሥራ አራት ዓመት ያህል በኋላ፣ በልዩ ከሰል እየተጣራ ነው። አዲስ አበባም ከአቃቂ ጉድጓዶች ብዙ ውኃ ትቀዳለችና፣ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት የምትሠሩ ወዳጆቼ አሮጌ የማደያ ፋይል ስታገኙ ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ አትጣሉት።

በማግሥቱ ሳንታ ሞኒካ ደርሼ ከሕዝብ ቧንቧ ጠጣሁ። ክሎሪን ክሎሪን ከማለቱ በቀር ሌላ ነገር አላገኘሁበትም።