ትንሹን ልጅ አትሸኙት

በየሰፈሩ ታዳጊዎችን የምታሰለጥኑ ወንድሞችና እህቶች፣ እስቲ ስለ ትንንሾቹ ላጫውታችሁ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አሰለጥናለሁ። 13 ዓመት የሞላቸው ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ጢም ሊያበቅል ደርሷል፤ ሌላው ገና ሕፃን ይመስላል። ማሸነፍ ብቻ ከፈለጋችሁ ትልቁን ታስገባላችሁ። እሱም ገፍቶ፣ ሮጦ ያገባል፤ ጉልበቱ እስከሠራለት ድረስ ግን ኳስ መቆጣጠርን ለምን ይማራል? ትንሹ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆኖ «ኮች፣ ዛሬስ እገባለሁ?» ይላል። ሦስት ቅዳሜ ዝም ካላችሁት በአራተኛው አይመጣም።

ጄሚ ቫርዲን ሼፊልድ ዌንስዴይ በ16 ዓመቱ አጭር ነህ ብሎ አሰናበተው። ፋብሪካ እየሠራ በታችኛው ሊግ ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሌስተር ሲቲ ጋር የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ 29 ዓመቱ ነበር። እሱስ ተመለሰ፤ በዚያው የቀሩትን ማን ቆጠራቸው?

በመጪው ውድድር ትንሹን ልጃችንን መሀል ሜዳ አሰልፈዋለሁ። «ልትሸነፉ ነው» ያሉኝ ወላጆች አሉ። ምናልባት እንሸነፍ ይሆናል። ልምምድ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ አካዳሚዎች እንደሞከሩት አንዳንዴ በዕድሜ ሳይሆን በሰውነት እድገት ከፋፍዬ አጫውታቸዋለሁ። ትልልቆቹ እርስ በርስ ሲገጥሙ መገፋፋቱ አላዋጣ ብሏቸው፣ ቀና ብለው የሚያቀብሉትን ሰው መፈለግ ጀምረዋል።