ያለ ዕዳ የተፈረመ ፊርማ

የሰው ልጅ የሚሰበስበው ነገር ብዙ ነው። አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፤ ሌላው የየአገሩን ሳንቲም፤ ባለጸጋው ደግሞ ገንዘቡን ራሱን ይሰበስባል። እኔ በበኩሌ የምሰበስበው የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ፊርማ ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ይህን በሰሙ ቁጥር «አብሮ ፎቶግራፍ መነሣት እያለ ቀለም የተጫረበት ወረቀት ምን ያደርግልሃል?» እያሉ ይሥቁብኛል። ጥያቄው ተገቢ ነውና በዚህች መጽሔታችን መልስ ልስጥበት።

የተወለድሁት በምሥራቅ ጎጃም፣ በአምበር ነው። በእኛ አገር ፊርማ ቀልድ አይደለም። ሰው የሚፈርመው ሲበደር፣ ዋስ ሲሆን፣ ወይም በሽማግሌ ፊት ውል ሲገባ ነው፤ መጻፍ የማይችለውም አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል። የፈረመ ታሰረ ማለት ነው። ስለዚህ በክረምት ዕረፍት ደብተሬን ይዤ ስገባ፣ እናቴ አንዱን ፊርማ በጣቷ እየነካች፣

«ይኸ ሰውዬ ምን ተበድሮህ ነው የፈረመልህ?» አለችኝ።

«ምንም አልተበደረኝ እማ፤ ኳስ ተጫዋች ነው» አልኋት።

«እንግዲያ ያለ ዕዳ የሚፈርም ሰው ተገኘ!» ብላ ሣቀች።

የዚህ ሥራ ሕጉ ቀላል ነው። ተጫዋች ከግጥሚያ በፊት ሐሳቡ ሜዳው ላይ ነውና አይጠየቅም፤ ተሸንፎ ሲወጣም እንዲሁ። የሚሻለው ከልምምድ በኋላ ነው። ወረቀቱ የማያብረቀርቅ፣ እስክሪብቶውም አስቀድሞ የተሞከረ ይሁን። ከሥሩ ስሙ፣ ቀኑና ቦታው ካልተጻፈ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፊርማው የማን እንደ ሆነ ሰብሳቢው ራሱ ይጠፋዋል። ፀሐይ ቀለም ታደበዝዛለችና፣ በግድግዳ ከመስቀል በደብተር ከድኖ ማስቀመጥ ይበልጣል።

በውጭ አገር ይኸው ፊርማ የሚሸጥ የሚለወጥ ዕቃ ሆኗል። ገበያ ባለበትም አታላይ አይጠፋምና፣ የታዋቂ ተጫዋቾችን ፊርማ አስመስለው የሚጥፉ ሞልተዋል። አንዳንድ ትልልቅ ክለቦችም በደብዳቤ ለሚለምናቸው ደጋፊ፣ ፊርማው በማተሚያ የታተመበትን ካርድ ይልካሉ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ለእገሌ» ተብሎ ስም የተጻፈበት ፊርማ፣ ስም ከሌለበት ብዙ ጊዜ ያነሰ ዋጋ ማውጣቱ ነው። ገዢው የሌላ ሰው ስም ምን ያደርግለታል!

የእኔ ሚዛን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ፣ በደቡብ አፍሪካ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ተጋጠመ። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶብን፣ በ10 ሰው እየተጫወትን፣ አዳነ ግርማ ግብ አግብቶ 1 ለ 1 ተለያየን። እኔ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበርሁ፤ ያየሁትም ዲሽ ባለበት ሻይ ቤት፣ በትልልቆቹ ብብት ሥር ሾልኬ ነው። ከዓመታት በኋላ ከዚያ ቡድን አንዱን ተጫዋች አግኝቼ ደብተሬን ብዘረጋለት፣ «ከየት ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርሁት። «ለአምበር ልጆች» ብሎ ጽፎ ፈረመልኝ። ይህች ወረቀት በገበያ ምንም አታወጣ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ከደብተሬ ሁሉ የከበረች ናት። ፎቶግራፍ ሁለታችን አንድ ቦታ መቆማችንን ያሳያል፤ ይህች ግን ሰውዬው ቆም ብሎ ስለ እኛ እንዳሰበ ትመሰክራለች።

በደብተሬ ባዶ የቀሩ ገጾችም አሉ። ጥር 13 ቀን ሌላም ታሪክ አለውና። በ1954 ዓ.ም. በዚያው ዕለት፣ አዲስ አበባ ላይ፣ በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት የአፍሪካን ዋንጫ ወስደናል። ግብጽ ሁለት ጊዜ መርታን ነበር፤ መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ኋላም አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉን። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አለቀ። ሉቺያኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ ደግመን አላነሣንም።

መንግሥቱ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ዐረፈ። ሉቺያኖም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አለፈ። ለእነዚህ ሰዎች የተዘጋጁት ገጾች ከእንግዲህ በእኔ እጅ አይሞሉም። ሆኖም ገጾቹን ቀድጄ አልጣልኋቸውም። በእያንዳንዱ ላይ ስማቸውን፣ ግቡንና ቀኑን በራሴ እጅ ጽፌባቸዋለሁ።

እናቴ «ያለ ዕዳ» ያለችው ለፈራሚው እውነት ነው። ዳሩ ግን ዕዳው በተቀባዩ ላይ ሳይወድቅ አይቀርም። አንድ ሰው ለአገሩ ሮጦ፣ ወድቆ፣ ስሙን በወረቀትህ ላይ ካሰፈረልህ፣ ያ ስም እንዳይረሳ አንተ ዋስ ሆነሃል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በየመንደራችሁ ዱሮ ለአውራጃ፣ ለክፍለ ሀገር ወይም ለክለብ ተጫውቶ አሁን ከዘራ ይዞ የሚሄድ ሽማግሌ አይጠፋም። ለበዓል ስትሄዱ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ያዙ። «ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ» በሏቸው፤ መቼ፣ ለማን እንደ ተጫወቱም ጠይቃችሁ ከሥሩ ጻፉ። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ታገሡ፤ መፈረም ካልቻሉም አውራ ጣታቸውን ያትሙላችሁ።