ሌላው ዝቋላ

ዝቋላ ሲባል ብዙ ሰው በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለውን፥ በራሱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገዳም የተሸከመውን ተራራ ያስባል። እኔ የማወጋችሁ ግን፥ ውድ አንባብያን፥ በዋግ ኽምራ ስላለው፥ ወደ ተከዜ ቆላ ስለሚወርደው ስለ ሌላው ዝቋላ ነው። ወደዚያ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ የመጀመሪያ ደመወዙን ሳይቀበል የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋል እየተባለ ይቀለዳል። የዋግ ስም በጆሯችን የቀረው ከረኃብ ጋር ነውና።

መንገዱ በሰቆጣ ያልፋልና እዚያ ሁለት ቀን ሰንብቱ። ከተማዪቱ ከ2200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጋቢ አትርሱ። ጥንት ከአፋር ቆላ የመጣው አሞሌ ጨው የሚሸጥባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ ካህኑን አስፈቅዳችሁ፥ የፊቱን ቅርጽ ሳትቸኩሉ ተመልከቱ። የዋግ ሹሞችም አስከሬን በሣጥን ሆኖ በዚያው ይገኛል። ዋግ ሹሞች ትውልዳቸውን ከዛጔ ነገሥታት የሚቈጥሩ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. ግን ዓድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ፥ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፥ ድል ሆኑ። ካሣ የሚስታቸው ወንድም ነበሩ፤ ታሪካችን አንዳንድ ጊዜ የቤተ ዘመድ ጠብ ይመስላል።

ወደ ማዕዱ እንመለስ። በቆላው የማሽላ እንጀራ በፍየል ወጥ ይቀርባል። ማሩ በጥቅምትና በኅዳር ከቀፎ ሲወጣ ከነሰፈፉ ቅመሱት። ለእኔ ግን አስደናቂው ዓሣው ነው። 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፥ ውሃው በተኛበት ዳርቻ የፍየል እረኛ የነበረ ጎረምሳ መረብ ይጥላል፤ ቆሮሶና አምባዛ ይዞ ይወጣል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለው በከንቱ አይደለም። በክረምት ጎተራው ሲጎድል እንኳ ባለቤቲቱ «በሞቴ» እያሉ ያጎርሷችኋል። እንቢ ብትሉ ይቀየማሉ፤ እስክትጠግቡ ብትበሉ ደግሞ ልጆቹ ከጓዳ ያያሉ። ስለዚህ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ግቡ፤ ጉርሻውን ተቀብላችሁ ቶሎ እጃችሁን ታጠቡ። ማር ስትገዙም በተጠራላችሁ ዋጋ ግዙ፤ የመርካቶን ክርክር እዚያው መርካቶ ተዉት።

ጦርነቱ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሰቆጣንም ጎድቷታልና፥ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ኽምጥኛ ሰላምታም ከተማሪዎች ተማሩ፤ መጀመሪያ ይስቁባችኋል፥ ቀጥሎ ያርሟችኋል።