የምፈራው ለማን ነው

ለነፍስ አባቴ ተናዝዤው የማላውቀው ነገር አለ፤ ኃጢአት መሆኑ ስላልታየኝ። እንግሊዝ አገር ሶሻል ወርከር ነኝ። የሙያችን ተቆጣጣሪ፣ ሶሻል ወርክ ኢንግላንድ፣ በተከሰሱ ባልደረቦቼ ላይ የሚያወጣውን ውሳኔ ተከታትዬ አነባለሁ። ስማቸው፣ የምዝገባ ቁጥራቸው፣ አደረጉት የተባለው ሁሉ ተዘርዝሮ ይወጣል። ሰው ሲጠይቀኝ ለትምህርት ነው እላለሁ። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የማነበው እኔ እዚያ ውስጥ አለመኖሬ ስለሚያሳርፈኝ ነው። በሌላው ውርደት ማረፍ ምን እንደሚባል ካደግኩበት ቤት አውቀዋለሁ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ፍርሃቴ የሚነሳው ከዚያ ነውና። መሥሪያ ቤቱ መቀመጫው ሼፊልድ ነው፤ ሥራውን የተረከበው በዲሴምበር 2019 ነው። ከዚያ በፊት እኛን ከፊዚዮቴራፒስቶችና ከአምቡላንስ ባለሙያዎች ጋር አንድ ተቆጣጣሪ ይቆጣጠረን ነበር። አቤቱታ ማንም ማቅረብ ይችላል፦ ልጇ የተወሰደባት እናት፣ አሠሪ፣ ፖሊስ፣ ራሱ ባለሙያውም። ተጣርቶና ተመርምሮ ሁለት ገምጋሚዎች ዘንድ ይደርሳል፤ አንዱ ሶሻል ወርከር፣ ሌላው ከሙያው ውጭ ያለ ሰው። ጉዳዩን ሊዘጉት፣ ባለሙያው ካመነ ያለ ችሎት ሊጨርሱት፣ ወይም ወደ ችሎት ሊመሩት ይችላሉ። አደጋው የከበደ ከመሰለ፣ ዋናው ጉዳይ ሳይወሰን በጊዜያዊ ትእዛዝ ከሥራ መታገድም አለ።

ችሎቱ በቅድሚያ የሚጠይቀው ነገሩ ተፈጽሟል ወይ ብሎ ነው። እንደ ወንጀል ችሎት ጥርጣሬ እስኪጠፋ መረጋገጥ የለበትም፤ ካለመሆኑ መሆኑ ካመዘነ ይበቃል። ቀጥሎ፣ የሙያ ጥፋት ወይም የብቃት ማነስ ያሰኛል ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፦ ይህ ሰው ዛሬ ለሥራው ብቁ ነው ወይ? ውሳኔው ከምክር ይጀምራል፤ የ1፣ የ3 ወይም የ5 ዓመት ማስጠንቀቂያ፣ በገደብ መሥራት፣ እስከ 3 ዓመት የሚደርስ እገዳ፣ በመጨረሻም ከመዝገብ መሰረዝ። የተሰረዘ ሰው 5 ዓመት ሳይሞላው ልመለስ ብሎ ማመልከት አይችልም። ዓላማው ሕዝብን መጠበቅ እንጂ ቅጣት አይደለም ይባላል። የደረሰበት ሰው ግን እንጀራው ነው የሚቆረጠው።

እኔን የሚይዘኝ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ችሎቱ ተከሳሹ ራሱን ምን ያህል እንዳየ ማወቅ ይፈልጋል፤ ነገሩ ለምን እንደ ደረሰ፣ ማን እንደ ተጎዳ፣ ነገ ምን እንደሚለወጥ። እኔ ይቅርታ መጠየቅ ተምሬ ነው ያደግኩት። ባገሬ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሽማግሌ ፊት ይንበረከካል፤ ካህኑም በምስጢር ሰምቶ ቀኖና ይሰጣል። በእነዚህ ውሳኔዎች ውስጥ ግን በእንባ የተጻፈ ይቅርታ ሚዛን ሳያነሳ ሲቀር አይቻለሁ፤ ጸሐፊው ስለ ራሱ ጭንቀት ብዙ፣ ስለ ተጎዳው ቤተሰብ ጥቂት ስላለ። ሳነበው ደነገጥኩ። የእኔም ኑዛዜ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ነበር።

አብራኝ በምትሠራ አንዲት እህት ላይ አቤቱታ መጣ። የምትከታተለው ቤተሰብ ቤት ሳትሄድ ሄድኩ ብላ መዝግባለች ተባለ። ደብዳቤ እንደ ደረሳት ስትነግረኝ፣ እንዴት ነሽ ከማለቴ በፊት በዚያ ፋይል ላይ የእኔ ስም ይኑር አይኑር በልቤ እያሰላሁ ነበር። አላደረግኩትም አለች። ያላደረገ ሰው ጥፋቱን እንዴት አስተውሎ ያሳያል? በ2022 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንዲት ሐኪም ይግባኝ ላይ፣ ሰው ራሱን ስለ ተከላከለ ብቻ ማስተዋል ይጎድለዋል እንዳይባል አስጠንቅቋል። ቢሆንም ክዶ የተረታ ሰው መንገዱ ጠባብ ነው። አምኖ ያለ ችሎት መገላገል፣ ጠበቃ ለሌለውና መጠበቅ ላደከመው ሰው ትልቅ ፈተና ነው። እሷ እምቢ አለች። ጉዳዩ ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻ ክሱ አልተረጋገጠም። በመሀሉ መደወል አቁሜ ነበር። ሥራ በዛብኝ ብያታለሁ። ውሸት ነው፤ የተከሰሰ ሰው አጠገብ መታየት ፈርቼ ነው።

ፍርሃቱ ሰው ቤትም አብሮኝ ይገባል። አማርኛ ተናጋሪ እናት ዘንድ ስሄድ “እህቴ፣ አረፍ በይ፣ ቡና ላፍላልሽ” ትለኛለች። ያለ ልክ ተቀራርባለች እንዳይባልብኝ “ይቅርብኝ፣ ጠጥቼ ነው የመጣሁት” እላለሁ፤ ሳልጠጣ። ቡናን የሚከለክል የሙያ መመሪያ የለም። የሚጠይቀው ድንበርን ማወቅ ነው፤ ከሚገባው በላይ ያጠበብኩት እኔ ነኝ። ቋንቋዋን የሚሰማ የመንግሥት ሰው አግኝታ የማታውቅ ሴት፣ እኔም ፊቴን ስዘጋባት፣ የባሏን ዱላ ለማን ትንገር? ማስታወሻዬን ስጽፍም ሼፊልድ የተቀመጠ አንባቢ ይታየኛል። “ምክር ተሰጥቷታል” ብዬ እዘጋዋለሁ፤ ልጁ በር ሲንኳኳ እንዴት እንደ ተሸማቀቀ ሳልጽፍ።

ይህን ሁሉ ብዬም ተቆጣጣሪው አያስፈልግም አልልም። ሰው ቤት ገብቼ ጓዳ የማይ፣ ልጅ ከእናቱ እንዲለይ ለፍርድ ቤት ቃሌን የምሰጥ ሰው ነኝ። እናቲቱ እኔን የምትከስበት ቦታ ከሌላት፣ ሥልጣኔን ማን ይዳኘዋል? አቤቱታው ዓመታት ሲንከባለል ግን እሷም ትበደላለች፤ ምስክር ይረሳል፣ ልጅ ያድጋል። ይህን በየስብሰባው መናገር ሲገባኝ፣ ዓይን ውስጥ እንዳልገባ ዝም ብያለሁ።

በየዓመቱ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ምዝገባችንን ስናድስ፣ ስለ ተማርነው ነገር ጽፈን እናስገባለን፤ ቢያንስ አንዱን ከሌላ ባለሙያ ጋር ተወያይተንበት። እስከ አምና ስለ ሥልጠናና ስለ ሕግ ማሻሻያ ነበር የምጽፈው፤ ማንም የማይጠይቀኝን። ዘንድሮ ስለ ቡናው ጻፍኩ፤ ለውይይቱም ያቺን ባልደረባዬን ጠራኋት። መደወል ለምን እንዳቆምኩ አስቀድሜ ነገርኳት። “አውቅ ነበር” አለችኝ። ከዚያ ወደ ጽሑፉ ገባንና አንዷን አንቀጽ ደጋግማ አስቀየረችኝ፤ ስለ እናቲቱ ናት ብዬ የጻፍኳት፣ የምታወራው ግን ስለ እኔ ነበር።