አዲስ አበባና ዲሲ በቀብር ሰዓት ሲለኩ

አዲስ አበባና ዋሽንግተን ዲሲ በአየር መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። የእኛው አየር መንገድ ከዱለስ ተነስቶ ቦሌ እስኪደርስ 13 ሰዓት ያህል ይበራል፤ መሃል ላይ አያርፍም። ሲሄድ ግን ነገሩ ይለያል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ክንፉም ሞተሩም እንደ ቆላው አይታዘዙም። ለመላው ጉዞ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይቸግረዋል። በየጊዜው ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ የኖረው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣበታል። (እኛ ሰፈር ግን "በርበሬና ሽሮው ከብዶት ነው" ይባላል።)

ጓደኞቻችን አንድ በአንድ ወደዚያ ስለሄዱ ይህንን ሁሉ እንደ ኳስ ውጤት በቃላችን እናውቀዋለን። ቁጥሩ የሚያንገበግበን ለቅሶ ሲመጣ ነው።

እስቲ እናስላው። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ልዩነቱ 7 ሰዓት። አንዲት እናት ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ላይ አረፉ እንበል። ልጃቸው ያለበት ዲሲ እኩለ ቀን ነው፤ የዕለቱ አውሮፕላን ረፋዱ ላይ ሄዷል። የሚቀጥለው ረቡዕ ነው። እዚህ ደግሞ ቀብሩ ረቡዕ በ9 ሰዓት ይፈጸማል። በዚያች ሰዓት ዲሲ ገና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ልጅየው ዱለስ ሰልፍ ላይ ቆሟል፣ ሻንጣው እንኳ አልተመዘነም። ሐሙስ ጠዋት ቦሌ ሲደርስ የሚጠብቀው ድንኳኑ ብቻ ነው።

ድሮ ለዚህም ወግ ነበረው። ዲሲ ያሉ ወዳጆች ወሬውን ይደብቁና አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው መርዶ ያረዳሉ። ዛሬ መርዶ ነጋሪዎቹ ቀጠሮ ሳይዙ የእናትየው ፎቶ ከነሻማው ፌስቡክ ላይ ወጥቷል። ቀብሩም በስልክ ይታያል። እኛም ከአንድ ሁለቴ በላይ ስልክ ከፍ አድርገን መቃብር አፋፍ ላይ ቆመናል። ቄሱ ሲፈቱ፣ እናቶች ሲያለቅሱ፣ ከዚያ ማዶ አንድ ድምፅ "እባካችሁ ትንሽ ወደ ታች አድርጉት" ይላል። ምን ይደረጋል? ወደ ታች እናደርገዋለን።

ግን ግን፣ ምን አጣደፈን? ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን መቸኮሉ ግድ ነበር። ዛሬ ማቀዝቀዣ ያላቸው ሆስፒታሎች እያሉ፣ ልጁ በመንገድ ላይ መሆኑ እየታወቀ "አስከሬን አይንገላታ" ተብሎ ይቀበራል። አዎ፣ ልጅ የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድ መፋጠኑ የሃይማኖት ትእዛዝ ነው፤ እሱን አንነካም። የእኛ ቤት ችኮላ ግን አብዛኛውን ጊዜ የድንኳን፣ የንፍሮና የ"ሰው ምን ይለናል" ነው። ከማክሰኞ ማታ እስከ ሐሙስ ከሰዓት መቆየት ለዚያ ልጅ ይበቃዋል። ወረቀቱ ያላለቀለት ጓደኛችን ግን ሳምንትም ብንጠብቀው አይመጣም፤ ለእሱ አሁንም ስልኩን እንይዝለታለን።

የሰፈራችን ዕድር በወሩ መጨረሻ ይሰበሰባል። አንድ ቀን እንዲጨመር ልንጠይቅ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደሚቆጡን ከወዲሁ እናውቃለን፤ ደግነቱ የግማሾቹ ልጆች ዲሲ ናቸው።