ሽለላ በሳክስፎን

አረቅጥ ብርዱ ሲጠና ሻይ ቤቱ ይሞላል። ሬዲዮው የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ሲለቅ ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ይሄ ሰው እየፎከረ ነው ወይስ እየነፋ?»

«ሁለቱንም፣ ጋሼ። ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸው እሱ ነው።»

«ከማን ተማረው?»

ይፋት ተወልዶ በክራርና በማሲንቆ እንደጀመረ፣ ክላርኔትና ሳክስፎን ከዚያ በኋላ እንደመጡ ነገርኳቸው። ገና ጎረምሳ ሳለ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1949፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ።

«የማዘጋጃ ቤት ደሞዝተኛ ነበር በለኛ!»

ነበር እንጂ። የዚያን ዘመን ነፊ መሣሪያውን ከገበያ አልገዛም፤ ክቡር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ነበር የሚያስታጥቀው። ጌታቸውም በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ አለፈ። ከእነዚህ ባንዶችም በፊት በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር፣ በነሐስ መሣሪያ ከተማውን አስደንቀዋል። ብዙዎች የዘመናዊ ሙዚቃችንን ታሪክ ከእነዚህ ልጆች ይጀምሩታል፤ ለእኔ ግን የይፋቱ ልጅ ይበልጥብኛል። እነሱ መሣሪያውን አመጡት፣ እሱ አማርኛ አስተማረው።

«በስተርጅናው ደግሞ ከሆላንዶቹ ‹ዘ ኤክስ› ባንድ ጋር በ2006 አልበም አወጣ» አልኳቸው።

«ፈረንጆቹ ሽለላው ገባቸው?»

«መድረክ ላይ አብረውት ይጮኹ ነበር።»

«እንዲያ ከሆነ ገብቷቸዋል» አሉና ሁለተኛ ሻይ አዘዙ። «ለመሆኑ ለልጅ ልጄ አንድ ሳክስፎን ስንት ይሸጣል?»